ጥቁር ሼል በምን ዓይነት ውኃ ሥር እንደተፈጠረ ከድንጋዩ ለማወቅ

ሼል (ደቃቅ ጭቃ ተጠቅጥቆ የሠራው በስስ የሚሰነጠቅ ድንጋይ) ስለጠቆረ ብቻ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ማለትም ከሕያዋን የተረፈ ካርቦን፣ ሞልቶታል ማለት አይደለም። ደቃቅ ፓይራይትም (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) የማንጋኒዝ ኦክሳይድም ያጠቁሩታል። በአንጻሩ ብዙ ሙቀት ያልነካው ቡናማ ሼል ከጥቁሩ የበለጠ ካርቦን ሊይዝ ይችላል። ቀለሙ ናሙና የት እንደሚወሰድ ይጠቁማል፤ ከዚያ በላይ አትመኑት።

በባሕር ወይም በሐይቅ ውስጥ ያደገ አልጌ ሲሞት ወደ ታች ይዘቅጣል። መንገድ ላይም ወለሉ ላይም ባክቴሪያና ትናንሽ እንስሳት ይበሉታል። በክፍት ባሕር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይቀበር ያልቃል። ጥቁር ሼል እንዲፈጠር ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፦ ከላይ በቂ አልጌ፣ ከታች የኦክስጅን እጥረት፣ ከወንዝ ደግሞ መጠነኛ ደለል። ደለሉ ሲያንስ የሞተው አልጌ ሳይሸፈን ይቆያል፤ ሲበዛም ካርቦኑ በጭቃ ይቀጥናል። ጥቁር ባሕርን ውሰዱ። ቀላሉ ውኃ ከላይ፣ በቦስፎረስ የሚገባው ጨዋማና ከባድ ውኃ ከታች ሆኖ ስለማይደባለቁ፣ ከ200 ሜትር በታች ኦክስጅን የለም፤ ያለው እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። የፔሩ ጠረፍ ግን ዝግ አይደለም። እዚያ ከጥልቁ የሚወጣው ማዳበሪያ የበዛበት ውኃ ብዙ አልጌ ስለሚያበቅል፣ ብስባሹ ራሱ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ስለዚህ «ባሕሩ ዝግ ነበር» ለማለት አትቸኩሉ።

ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ በመቀሌ ዙሪያ ባለው የላይኛው ጁራሲክ (ከ160 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ) አጉላዕ ሼል፣ ከገጹ ላይ ናሙና አትውሰዱ። አየርና ዝናብ የነካው ሼል ካርቦኑ ይቀንሳል፣ ፓይራይቱም ይዝጋል። ዝገቱና ቢጫው ዱቄት እስኪጠፋ፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ጂፕሰም (ጄሶ) ካያችሁ ቦታውን ልብ በሉ። ስንጥቅ የሞላው ጂፕሰም ብዙውን ጊዜ ኋላ የመጣ ነው፤ ፓይራይት ሲዝግ የሚወጣው ሰልፈሪክ አሲድ ኖራውን ነክቶ የሠራው ሊሆን ይችላል። ከሌሎቹ ንብርብሮች ጋር አብሮ የተነጠፈው ጂፕሰም ግን ውኃው እየተነነ ጨው ይጠራቀም እንደነበር ይናገራል። ይህ ልዩነት ካልተመዘገበ ቢሮ ተመልሶ ማስተካከል አይቻልም።

ቀጥሎ በ10 እጥፍ ማጉያ ተመልከቱ። ሳይቆራረጡ የሚዘልቁ ቀጫጭን ንብርብሮች ጭቃውን የቆፈረ እንስሳ እንዳልነበረ ያሳያሉ፤ የተዥጎረጎረና የጉድጓድ ዱካ ያለበት ከሆነ ወለሉ ይተነፍስ ነበር፤ ኦክስጅን ነበረው ማለት ነው። በየ20 ሴንቲሜትሩ፣ ሼሉ ወደ ኖራ ድንጋይ በሚለወጥበት ደግሞ በየ5 ሴንቲሜትሩ፣ 200 ግራም ያህል ውሰዱ። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉ። ቁጥሩን ከውጭ ጻፉ እንጂ ድንጋዩን በማርከር አትንኩት።

ላቦራቶሪ ውስጥ ትልቁ ስሕተት የኖራውን ካርቦን ከኦርጋኒኩ ጋር መቁጠር ነው። የኖራው ማዕድን ካልሳይት በክብደቱ 12 በመቶ ካርቦን ነው። 10 በመቶ ካልሳይት ሳይወገድ ከቀረ፣ ውጤታችሁ ላይ 1.2 በመቶ የሌለ ካርቦን ይጨመራል፤ ይህ ብቻውን ደካማውን ሼል «ጥሩ» የነዳጅ ዘይት ምንጭ ለማስባል ይበቃል። ዱቄቱን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጠቡ። አጉላዕ ዶሎማይትም (ማግኒዥየም ያለበት የካልሳይት ዘመድ) ስላለበት ቀዝቃዛ አሲድ ቶሎ አይጨርሰውም፤ አሙቁት፣ አረፋው ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ። ከዚያ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ አቃጥሉ። ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን በጣም ጥሩ ነው፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ወጪ አታብዙበት።

የተረፈውን ናሙና በሮክ ኢቫል (ድንጋይን ደረጃ በደረጃ እያሞቀ የሚወጣውን ዘይትና ጋዝ በሚለካ መሣሪያ) አሙቁ። ኤስ2 የተባለውን፣ ማለትም ኦርጋኒኩ በሙቀት ሲሰባበር የሚወጣውን ዘይትና ጋዝ፣ ለካርቦኑ መቶኛ አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ የሃይድሮጅን ኢንዴክስ ይወጣል። ከ600 በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሐይቅ አልጌ፣ ከ300 እስከ 600 የባሕር፣ ከ200 በታች የየብስ ዕፅዋት ነው። ታዲያ ዝቅተኛው ቁጥር ያታልላል፤ በጥልቅ ተቀብሮ ዘይትና ጋዙን ያስወጣ ሼልም እንዲሁ ዝቅ ይላል። ቲማክስን፣ ማለትም ኤስ2 በብዛት የሚወጣበትን ሙቀት፣ አብራችሁ እዩ፦ ከ435 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ገና ያልበሰለ፣ ከ470 በላይ ዘይት የመስጫ ጊዜው ያለፈበት ነው። ኤስ2 በአንድ ግራም ድንጋይ ከ0.2 ሚሊግራም ካነሰ ቲማክሱን ጣሉት። ከጉድጓድ የወጣ ፍርፋሪ ከሆነ ደግሞ ቁፋሮው ዘይት ያለበት ጭቃ ተጠቅሞ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጭቃው ኤስ1ን፣ ማለትም ድንጋዩ ውስጥ ቀድሞ ያለውን ነፃ ዘይት ልኬት፣ ያሳብጠዋል።

ኦክስጅኑ የጠፋው ከውኃው ነው ወይስ ከጭቃው ብቻ? ለዚህ እንጆሪ መሰል የፓይራይት ድብልብሎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለኩ፤ 100 ያህል ይበቃሉ። አማካዩ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) አካባቢ ሆኖ መጠናቸው ከተቀራረበ ውኃው ራሱ ሰልፋይድ ነበረበት። ጭቃ ውስጥ ያደጉት ይተልቃሉ፣ መጠናቸውም ይለያያል።

ይህ መለኪያ ግን የተሠራው ለባሕር ነው። ኦጋዴን ላይ ሁለት ጥቁር ሼሎች አሉ፦ የላይኛው ጁራሲክ ኡራንዳብ በባሕር ወለል ላይ፣ ከሥሩ በጥልቀት ያለው የካሩ ዘመን (ከጁራሲክ በፊት የጀመረ) ቦኽ ደግሞ በስምጥ ሐይቅ ውስጥ የተነጠፈ። ጨው አልባ ሐይቅ የፓይራይት ሰልፈር ምንጭ የሆነው ሰልፌት ጥቂት ስለሆነ፣ ኦክስጅን ፈጽሞ ባይኖረው እንኳ ብዙ ፓይራይት አይሠራም። ቦኽን በኡራንዳብ ሚዛን ከለካችሁት፣ ፓይራይት ስላጣችሁ ብቻ ታፍኖ የኖረውን ሐይቅ ይተነፍስ ነበር ትሉታላችሁ።