በፋንታሲ ልብወለድ የሰይፍና የአውሬ ፍልሚያ እንዴት ይጻፋል?

ጀግናው ሰይፉን መዘዘ፣ አውሬው አገሳ፣ ደም ተረጨ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ትዕይንት ያላነበበ የለም። አውሬው ከየት መጣ? ምን ፈልጎ? ሰውየውስ ለምን ቀድሞ አልሸሸም? መልስ የለም። ብዙ ጊዜ ፍልሚያው የሚበላሸው ሰይፉ ከአፎቱ ሳይወጣ በፊት ነው። ስለዚህ ከአደኑ እንጀምር።

ደረጃ 1፦ አውሬው እንዴት እንደሚያድን ወስኑ

ክንፍ ይኑረው ሦስት ራስ፣ ፍጡራችሁ ከእውነተኛ አዳኝ የተወሰደ ጠባይ ያስፈልገዋል። አንበሳና ነብር አድፍጠው ይጠጉና በአጭር ርቀት ይወረወራሉ። አቦሸማኔን በሩጫ የሚስተካከል የየብስ እንስሳ የለም፤ ግን በዚያ ፍጥነት ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ አይዘልቅም። ካልያዘ ይተዋል። ተኩላ ደግሞ ሌላ ነው። መንጋው ታዳኙን ያስሮጠዋል፣ ይፈትነዋል፣ ደካማውን ይለያል። ትልቅ እንስሳ ቆሞ ከተጋፈጠው ትቶት የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምርጫችሁ የፍርሃቱን ዓይነት ይወስናል። አድፋጭ ከሆነ አንባቢው አውሬውን ማየት ያለበት ዘግይቶ ነው። አሳዳጅ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይየው፤ የሚያስጨንቀው የጀግናው ትንፋሽ ማለቁ ነው። በነገራችን ላይ፣ «ወፎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ትቅር። ብዙ ወፎችና ጦጣዎች አዳኝ ሲያዩ ይንጫጫሉ እንጂ ዝም አይሉም። ጫጫታው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተጠጋ ቢመጣ ይሻላል።

አንድ ነገር አትርሱ፤ አዳኝ የሚፈልገው እራት እንጂ ክብር አይደለም። ከቆሰለ ነገ ማደን አይችልም። ስለዚህ ነገሩ ሲከብደው ያፈገፍጋል። የእናንተው እስከ ሞት የሚዋጋ ከሆነ ምክንያት ስጡት፦ ግልገሎቹ ከኋላው ናቸው፣ ወይም መውጫ የለውም፣ ወይም አንድ ጠንቋይ አስገድዶታል።

ደረጃ 2፦ ሰይፉን መዝኑት

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የአንድ እጅ ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ ሰይፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ አይበልጥም። ጀግናው እያቃሰተ የሚያነሳውን የብረት ግንድ እርሱት።

ጌጡንም ከሥራው አትነጥሉት። በስለቱ መሃል የሚወርደው ቦይ ደም ማፍሰሻ ነው ሲባል ይሰማል። ውሸት ነው። ሰይፉ ብዙ ጥንካሬ ሳያጣ እንዲቀል ነው የተሠራው። የጃፓን አንጥረኞች ደግሞ የሰይፉን ጀርባ ወፈር ባለ ጭቃ ይቀቡና አግለው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው ዝግ ብሎ ቀዝቅዞ ይለዝባል። በብረቱ ላይ እንደ ማዕበል የሚታየው ነጭ መስመር የሁለቱ ድንበር ነው። እንዲህ ያለ አንድ ዝርዝር ስለ እጀታው ዕንቁዎች ከሚጻፍ ሙሉ ገጽ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ያዙ

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ጣሊያናዊው የሰይፍ መምህር ፊዮሬ ዴ ሊቤሪ የተዋጊን ባሕርያት በአራት እንስሳት ሥሏል። ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት ርቀትን የመመዘን ጥበብ ነው፤ በእጁ ባለ ሁለት እግር የርቀት መለኪያ ኮምፓስ ይዟል። ታይገር ፍጥነት፣ አንበሳ ድፍረት፣ ዝሆን ደግሞ ጸንቶ መቆም ነው። እኔ ብሆን ትዕይንቱን ስጽፍ እነዚህን አራቱን አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ጀግናው ከአራቱ አንዱ ይጉደለው፤ አውሬውም የሚገባው በዚያ ክፍተት በኩል ይሁን።

ከዚያ በየምቱ መሃል ጠይቁ፦ ስንት እርምጃ ይቀራል? እግሩ ምን ላይ ቆሟል? ሰይፍ አጭር መሣሪያ ነው። የዱር አሳማ አዳኞች ከሰይፍ ይልቅ ጦር ይመርጡ የነበረው ለዚህ ነው። ያ ጦር ከስለቱ ሥር አግዳሚ ብረት ነበረው፤ ምክንያቱም የተወጋው አሳማ በዘንጉ ላይ እየገፋ አዳኙ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ሰይፉ ልብ ቢያገኝም እንኳ ትግሉ ወዲያው አያበቃም። የቆሰለው ፍጡር ክብደት አሁንም እየመጣ ነው። ጀግናው ይህን ካላሰበበት ይደቀቃል።

ደረጃ 4፦ ጻፉ፣ ከዚያ ቁረጡ

ምቶችን አትደርድሩ። ሦስት ወይም አራት እንቅስቃሴ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ግን የሆነ ነገር ይለውጥ፦ ቦታ፣ ቁስል፣ ሐሳብ። ስትጨርሱ ለአንድ ጓደኛ አስነብቡት። ጀግናው የት እንደቆመ፣ አውሬው በየት በኩል እንደገባ ጓደኛችሁ በወረቀት ላይ ይሣል። መሣል ካቃተው ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።