ያየነው ተወርዋሪ ኮከብ ሪፖርት ይደረጋል ወይስ አይደረግም?

ችግር፦ «በጣም ደማቅ ነበር» የሚል ሪፖርት

በየጊዜው የሚደርሰኝ ይኸው ነው፤ ማነጻጸሪያ ስለሌለው ለምንም አይሆንም። ፋየርቦል የሚባለው ከየትኛውም ፕላኔት የደመቀ ተወርዋሪ ኮከብ ነው። በቁጥር ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) -4 ገደማ፣ ማለትም የቬኑስ (የአጥቢያ ኮከብ) ድምቀትና ከዚያ በላይ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ድምቀቱ ይጨምራል።

ጨለማ የለመደ ዓይን ድንገተኛ ብርሃንን ያጋንናል። አንዱ ተመልካች «ከሙሉ ጨረቃ ይበልጣል» ብሎ ጻፈልኝ። ሙሉ ጨረቃ -12.7 ገደማ ናት፤ ቬኑስን ከሺህ እጥፍ በላይ ታስከነዳለች። «ጥላህን መሬት ላይ አየኸው?» ስለው «አላየሁም» አለ። ያየው ፋየርቦል ነው፤ ጨረቃን ግን አያክልም። እባካችሁ «ትልቅ» እና «አስፈሪ» የሚሉትን ተዉና ወዲያውኑ ሰማይ ላይ ካሉት ጋር አወዳድሩ። ጁፒተር በጣም ሲደምቅ -2.9 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከፍታውን ነው። ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ የታየ ተወርዋሪ ኮከብ፣ አናት ላይ ካለው በእጥፍ ስለሚርቅ 1.5 ማግኒቲዩድ ያህል ይደበዝዛል። እናንተ ጁፒተርን ያህላል ያላችሁት፣ ከሥሩ ለቆመ ሰው ፋየርቦል ነው። «ደብዛዛ ነው» ብላ ልትተወው የነበረች ተመልካች የላከችው አቅጣጫ፣ ሌላው አናቱ ላይ ካየው ጋር ተጣምሮ የበረራውን መስመር አስገኝቶልናል። አንድ ሰው ብቻውን ያየው ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ከታየ ላኩት! ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ በእሱ ለኩ።

ችግር፦ ቀስ ብሎ እየተበጣጠሰ ሰማዩን አቋረጠ

ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከቆየ ምናልባት የወደቀ ሳተላይት ወይም የሮኬት ቁራጭ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ተወርዋሪ ኮከብ ግን ከ11 እስከ 72 ይደርሳል። ቆይታውን ጽፋችሁ ላኩ። በሰልፍ የሚሄዱ ነጥቦች ሳተላይቶች ናቸው፤ አትላኩ።

ችግር፦ «ከኮረብታው ጀርባ ወደቀ»

አልወደቀም። ብርሃኑ የሚጠፋው ብዙ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አቅጣጫውን ብቻ ጻፉ።

ችግር፦ ድምፅ ተሰማ

ድምፁ ከብርሃኑ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል፤ ልዩነቱን በሰዓት ያዙ። ነገር ግን ብልጭታው ሌሊቱን ቀን ካስመሰለው ወደ መስኮት አትጠጉ! እ.ኤ.አ. በ2013 በሩሲያዋ ከተማ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ፋየርቦል ሲፈነዳ ብዙዎችን ያቆሰለው ዘግይቶ በደረሰው የግፊት ሞገድ የተሰበረ መስታወት ነው።