ለወዳጅ መጽሐፍ ሲጠቁሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ የጎጃም ከተሞች መጽሐፍ አንባቢ የሚያገኘው በአብዛኛው በሰው አፍ ነው። የሚያምኑት ሰው «ይህን አንብብ» ስላለ ይነበባል፤ «ተወው» ካለ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። መምህር ለተማሪው፣ እኅት ለወንድሟ፣ ባልደረባ ለባልደረባው ይጠቁማል። ጥቆማው ሲበላሽ የሚጎዳው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ንባብን ገና ሊለምድ የተነሣ ሰው «ይህ ነገር ለእኔ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጽሐፍ በሚወራባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ በመምህራን ማረፊያም ሆነ በቡና ሰዓት፣ ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው።

ሰውየውን ሳያውቁ መጽሐፉን ማወደስ

ከስህተቶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ብዙዎቻችን መጽሐፍ ስንጠቁም የምናስበው ስለ መጽሐፉ ብቻ ነው፦ ምን ያህል ታላቅ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተመሰገነ። የሚያነበው ሰው ግን ከነድካሙ፣ ከነሥራውና ከነልማዱ ፊታችን ቆሟል። አንድም መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ «ጎጃሜ ሆነህ እንዴት ይህን አላነበብህም?» ተብሎ ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይታቀፋል። መጽሐፉ ታላቅ ነው፤ ልጁም ሰነፍ አይደለም። ያልተገናኙት በጠቋሚው ጥፋት ነው።

ስለዚህ ከመጠቆም በፊት ይጠይቁ። «ለመጨረሻ ጊዜ ወደኸው ያነበብኸው ምን ነበር? ምኑ ያዘህ?» መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ የሚወደውን ወሬ ይጠይቁት። የድሮ ጦርነት ሲወራ ጆሮው የሚቆም ልጅ በታሪክ መጽሐፍ ይጀምር። ቀልድ የሚወድ ሰው በወግ ይጀምር። ሌሊት ተረኛ ለሆነች ነርስ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አጭር ልብ ወለድ ይሻላታል፤ ረጅሙን ታሪክ በየዐሥር ደቂቃው እያቋረጠች እንድታነብ መፍረድ ነውና። ወላጆቹ ገበሬ የሆኑ ተማሪም በአጨዳ ወራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚተርፈው የአገሩ ሰው ያውቃል። ወፍራሙን መጽሐፍ ዝናብ ሰውን ቤት ለሚያውልባቸው የክረምት ቀናት ማቆየት ይቻላል።

«ግሩም ነው» ብሎ ማቆም

«እንዴት ነበር?» «ግሩም ነው!» «ምኑ?» «አይ፣ ግሩም ነው ነው የምልህ፤ ራስህ አንብበው።» እንዲህ ያለው ንግግር በቅኔ አገር ሲሰማ ያሳዝነኛል። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ የዋለባቸው ቦታዎች ናቸው። ቅኔው ሲያምር ሰሚው «ይበል!» ይላል፤ ነገር ግን በዚያ አያበቃም። ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ይለያል፣ ምስጢሩ የት ላይ እንደተቋጠረ ይጠይቃል፣ ከመምህሩም ጋር ይመላለስበታል። አድናቆትን በምክንያት መግለጽ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ስለ መጽሐፍ ስናወራ ብቻ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ምክንያት ማለት ግን የሥነ ጽሑፍ መምህር ትንታኔ ማለት አይደለም። አንዲት ገጽ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ንግግር ይበቃል። እኔ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ሲጠይቁኝ ስለ ጉዱ ካሣ እናገራለሁ። አገሩ ሁሉ እንደ እብድ የሚቆጥረው ይህ ሰው የሚናገረውን ቀስ ብዬ ሳነብ፣ ከመንደሩ ሰው ይልቅ የእርሱ ንግግር እውነት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያም አንድ ሐሳብ አስጨነቀኝ፦ እኔ በዚያ ዘመን በዚያ መንደር ብኖር ኖሮ ከማን ጋር እቆም ነበር? ከእርሱ ጋር ወይስ ከሚስቁበት ጋር? ይህን የሰማ ሰው መጽሐፉ ስለ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የማይስበው ከሆነም ገና ሳይጀምረው ያውቀዋል። ሁለቱም ጠቃሚ ነው።

ምን እንደሚናገሩ ከቸገረዎ ሦስት ነገር ያስቡ፦ የት ላይ መጽሐፉን አጥፈው ዝም አሉ? ማንን አስታወሰዎ? የት ላይ ሰለቸዎ? የመጨረሻውን አይዝለሉት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ዝግ ያሉ ከሆኑ «እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ታገሥ» የሚል አንድ ቃል ከብዙ ውዳሴ የበለጠ አንባቢን ያሻግራል።

የአገር ልጅ ስለጻፈው ብቻ መጠቆም

ይህ ስህተት የእኛ የጎጃሞች ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። የምንኮራበት አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው፤ አቤ ጉበኛ የአቸፈር፣ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ። በዕውቀቱ ሥዩም ደግሞ የተወለደው በዚያችው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጀምርባት በማንኩሳ ነው። ኩራቱ ትክክል ነው። ነገር ግን «የእኛ ሰው ነው» የሚለው ንግግር ለወላይታ ወይም ለሐረር አንባቢ ምን ይነግረዋል? መጽሐፉን የአንድ አገር ሰዎች የግል ንብረት አስመስሎ በሩን ይዘጋበታል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ራሳችንን ማታለሉ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃምን ለማሞገስ የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም። በዘር ሐረግ መመካት ሰውን እንዴት እንደሚያደነድን፣ ገበሬው ለባላባቱ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ «የአባቶቻችን ወግ ነው» የሚለው ቃል ስንት ሕይወት እንደሚያሰናክል ያሳያል። የመጽሐፉን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን አንብቦ አንዴም ያልተሸማቀቀ፣ የራሱን ዘመድ ወይም ራሱን ያላየ ሰው መጽሐፉን በኩራት ጋርዶታል ብዬ አምናለሁ። ደራሲው አገሩን የወደደው ስህተቱን በግልጽ እስከ መጻፍ ድረስ ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን መጽሐፍ እንደ ሜዳልያ ደረታችን ላይ ብቻ ብናንጠለጥለው ልፋቱን ከንቱ እናደርገዋለን። በሌላ በኩል «ስማችንን አጠፋ» ብለው የሚቆጡም አሉ። እነርሱ ቢያንስ መጽሐፉ እንደነካቸው ይናገራሉ፤ ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብሎ የትኛው ገጽ እንዳስቆጣቸው መነጋገር ይቻላል።

ታዲያ የአገሩ ሰው መሆናችን ለጥቆማ ምንም አይረባም ማለቴ አይደለም። ከሌላው የምንለየው በምናውቀው ነገር ነው። ሐዲስ በልጅነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን የበዛብህን የተማሪነት ኑሮ ሲጽፉ የሚያውቁትን ጽፈዋል። አያቱ ወይም አጎቱ የቆሎ ተማሪ የነበሩ አንባቢ፣ ውሻውን፣ ርሃቡን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ላይ መቆሙን ለማያውቅ የከተማ ወጣት ሊያብራራለት ይችላል። ርስትና ጉልት ምን እንደነበሩ፣ ጭሰኛ ለበዓል ለጌታው ይዞ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ሊነግረው ይችላል። የአገር ልጅነት እዚህ ላይ ይጠቅማል።

መጨረሻውን መንገር

ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያደርገዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬድዮ ከተተረከ ወዲህ ታሪኩን መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው እንኳ ያወራዋል፤ ርዕሱም ብዙ ይናገራል። ስለዚህ «ምን ይደበቃል?» የሚሉ አሉ። የሚደበቅ አለ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በዛብህን ገና አላገኘውም። እኛ የተንሰቀሰቅንበትን ቦታ ሳይዘጋጅ የመድረስ መብት አለው።

እስከ የት ይነገር ለሚል ሰው የምከተለው መለኪያ ችግሩ እስከሚወለድበት ድረስ ነው። «የድሃ ገበሬ ልጅ የሆነ የቤተ ክህነት ተማሪ የባላባት ልጅ እንዲያስተምር ወደ ትልቅ ቤት ይገባል።» ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የደራሲው ነው።

አሮጌ መጽሐፍን ያለ መንገድ ጠቋሚ መስጠት

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተደርጎ ይቆጠራል። ትንሽ መጽሐፍ ስለሆነች «በአንድ ቀን ትጨርሰዋለህ» እየተባለች ትሰጣለች፤ ወጣቱም ጥቂት ገጽ ሳይገፋ ይመልሳታል። አማርኛው ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም ዛሬ ከለመድነው የተለየ ምት አለው። አስቀድሞ ይነገረው፦ በጦርነት አባታቸው የተማረከባቸው መንታ ልጆች ታሪክ መሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ድምፅ አውጥቶ ቢያነባቸው እንደሚቀሉት። ድምፅ ማውጣቱ በእርግጥ ይረዳል፤ ዓይን የሚደናቀፍበትን ቃል ጆሮ ከአያቶቹ ንግግር ያውቀዋልና።

የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ሲጠቁሙም እንዲሁ ነው። ከታተመ በኋላ የታገደ መጽሐፍ መሆኑ ብቻ ተነግሮት የሚጀምር አንባቢ በየገጹ የታገደበትን ምክንያት ሲፈልግ፣ በማሕፀን ሆኖ ወደዚህ ዓለም አልመጣም የሚለውን ልጅ ሳያዳምጠው ያልፋል። ስለ ዘመኑ ትንሽ ይንገሩት፤ የእገዳውን ወሬ ግን ካነበበ በኋላ ቢሰማው ይሻላል።

ያላነበቡትን መጠቆም

በሬድዮ መስማት ነውር አይደለም፤ በወጋየሁ ትረካ ምክንያት መጽሐፉን ፈልገው ያነበቡ ብዙ ናቸው። «ሰምቼዋለሁ» ይበሉ እንጂ «አንብቤዋለሁ» አይበሉ። ሰዎች ያሉትን ይዘው ከሆነም «እከሌ በጣም ወዶታል፤ እኔ ገና ነኝ» ማለት ምንም አያስቀንስም። እንዲያውም አብሮ ለማንበብ መነሻ ይሆናል።

አለመውደድን መደበቅ፣ ወይም በአለመውደድ መቀየም

ይሉኝታ እዚህ ላይ ክፉኛ ይጎዳናል። ትልቅ ሰው የጠቆመውን መጽሐፍ ያልወደደች ልጅ «ጥሩ ነበር፣ ጋሼ» ብላ ትመልሳለች፤ ጋሼም ያንኑ ዓይነት ሌላ መጽሐፍ ያመጡላታል። በሦስተኛው ላይ ልጅቷ ሲያዩዋት መሸሽ ትጀምራለች። ጠቋሚው አስቀድሞ በሩን ቢከፍት ይህ አይመጣም፦ «ካልጣመሽ ተዪው፤ የት ላይ እንደተውሽው ብቻ ንገሪኝ።» የተዉበት ገጽ ለሚቀጥለው ጥቆማ ከሁሉ የበለጠ መረጃ ነው። ገለጻ ሲበዛ የሚተው አንባቢና ግፍ ሲበዛበት የሚተው አንባቢ አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይፈልጉም።

አለመውደድንም በልኩ መናገር ያስፈልጋል። «እኔ አልያዘኝም» እና «መጽሐፉ አይረባም» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ስለራስዎ ነው፣ ማንም አይከራከረዎትም። ሁለተኛውን ካሉ ማስረጃ ይጠበቅብዎታል፦ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይናገራሉ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው አይገጥምም፣ ትርጉሙ አማርኛ አይመስልም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ንግግሩ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ደራሲው ትውልድና ፖለቲካ ሲዞር ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘግቶ ሰዎች ይጣላሉ፤ ካነበቡትም መካከል አንዱ እንኳ ገጽ አይጠቅስም።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ዐሥር ርዕስ በአንድ ጊዜ አይዘርዝሩ፤ ከዐሥሩ የሚነበብ የለም። አንድ ይስጡ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው የተለየ ይሁን።

«ጨረስኸው?» እያሉ በየቀኑ አይጠይቁ። ንባብ ዕዳ ከሆነ ይጠላል። ያዋሱት መጽሐፍ ከሆነና የሚሳሱለት ከሆነ መመለሻውን ሲሰጡ ይነጋገሩ፣ ከዚያ ይተዉት።

የማይገኝ መጽሐፍ አወድሶ መተውም ጥፋት ነው። ብዙ ጥሩ የአማርኛ መጻሕፍት በድጋሚ ስላልታተሙ ከአዟሪም ከመደብርም ይጠፋሉ። እዚህ ላይ በየስልኩ የሚዞረው ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ቅጂ ይመጣል፤ በሕይወት ላለ ደራሲ መጽሐፍ ይህን መላክ የልፋቱን ዋጋ መንጠቅ ስለሆነ አላደርገውም፣ ሌላውም እንዲያደርገው አልመክርም። ከመጠቆምዎ በፊት መጽሐፉ የት እንዳለ ያጣሩ፦ በከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ሊያውስ በሚችል ወዳጅ ቤት። አዲስ አበባ ለጉዳይ የሚወጣ ሰው ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ውስጥ ሌላ ቦታ የጠፉትን የቆዩ እትሞች እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ መጠየቅ ይችላል። የደራሲውን ሙሉ ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስና የታተመበትን ዓመት በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ «ያ ቀይ ሽፋን ያለው» ብሎ የሚጠይቅን ሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሊረዳው አይችልም።