«ቡና ለቀማ» የሚባለው የእማዬ ግሩፕ

እማዬ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) በጀመረች ሰሞን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ዘመድ ግር ብሎ ገባ፤ አርባ ሰው ሆንን። አንዱ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ ሌላው ስቲከር ይልካል፣ የእመቤታችን ሥዕል ይከተላል። ደስ ይላል። ታዲያ አንድ ማታ ዘጌ አብሯት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ «እማን አተኮሳት» ብሎ የላከው ድምፅ ከምርቃቱ ሥር ተቀበረ። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ የሰማሁት ሲነጋ ነው።

እናንተ ከመጀመሪያው ሁለት አድርጉት፤ አንዱ ለጠያቂ፣ አንዱ ለአስታማሚ። የአስታማሚው ከአራት አምስት ሰው አይለፍ። እኛ እማዬ፣ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ያለችው እህቴና እኔ ነን። «እኔስ ባዳ ነኝ?» ብለው ወር ሙሉ ያኮረፉኝ አክስት አሉኝ። ኩርፊያ ያልፋል። ስሙን «ቡና ለቀማ» አልነው። የዘጌ ሰው ስለ ቡና ቢያወራ ማን ይጠረጥራል? ስልክ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ እማዬ ደግሞ ያኔ ጎረቤት እንዲያውቅ አትፈልግም ነበር። ይህን የምጽፈውም እሷው ፈቅዳልኝ ነው።

ትኩሳት በግሩፕ አይነገርም፤ ይደወላል። ኬሞ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ያወርዳል፤ ብዙ ጊዜ በጣም የሚወርደው ኬሞው ከተሰጠ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር አይሆንም፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያድንም። ማታ ከዘጌ በጀልባ መሻገር ስለማይታሰብ፣ የአንድ ባለመኪና ስልክ፣ የሐኪም ቤቱ ስልክና የመጨረሻው ኬሞ ቀን ግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደርገዋል።

ለማስታወሻ ደግሞ ጽሑፉን ጽፋችሁ የመላኪያውን ቀስት ተጭናችሁ ያዙት። ቀንና ሰዓት የሚያስመርጥ ነገር ይመጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲደርስ ብዬ 2:00 ላይ አደረግሁት። ወንድሜን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «የእማን ኪኒን እንዳትረሳ» ብዬ ቀሰቀስኩት። ስልኩ የፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ለቀኑ 8 ሰዓት 14:00 ነው የሚመረጠው። ቀጠሮም እንዲሁ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ቀን የእኛ ይሁን የፈረንጅ ጠይቁና ሁለቱንም ጻፉ።

የምርመራ ወረቀት ሁሉ ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሳትወጡ ፎቶ ይነሣ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ የባዮፕሲው (የሥጋ ናሙና ምርመራው) ደቃቅ ፊደል ይደበዝዛል። በፋይል ላኩት።

አንድ ቅጠል «ካንሰር ያጠፋል» የሚል መልእክት መምጣቱ አይቀርም። ለሐኪሙ ሳታሳዩ አታፍሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ በድምፅ ነው የምናወራው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት «እማ፣ ደህና አደርሽ?» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። የጎጃም እናት ምን እንድትል ጠብቄ ነበር? አንድ ቀን ግን ያንኑ «ይመስገን» ስትል ምላሷ ተያዘባት። ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛ ስሰማው ለወንድሜ ደወልኩና አፏን በባትሪ እንዲያይ ነገርኩት። ድዷና ምላሷ ቆስሏል። ለካ ሁለት ቀን ከአጥሚት በቀር አልቀመሰችም። ኬሞ አፍ ያቆስላል። ነርሷም እማዬ በርበሬውን ትታ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ እየተጉመጠመጠች ለምርመራ እንድትመጣ አዘዘች።

ከዚያ ወዲህ «ደህና ነሽ?» ቀረ። «ስንት ጉርሻ ጎረስሽ? ስንቴ አስመለሰሽ? ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሽ?» በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ። መልሱንም በእናታችሁ ድምፅ ስሙት እንጂ ሌላ ሰው አያስተላልፍላችሁ። ኔትወርክ ከጠፋ ወንድሜ ቁጥሩን በቴክስት ይልካል፤ ያው ለጊዜው ነው።

የትናንቱ ድምፅ 11 ሰከንድ ነበር። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል። «ሦስት ጎርሻለሁ። አራተኛውን ድመቷ ቀደመችኝ።»