ስለ ገና አባት እውነቱን ለልጅ መቼና እንዴት መንገር ይሻላል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ የሚያድግ ልጅ ከገና አባት ጋር የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ሳይሆን ኬጂ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ በኮሙኒኬሽን ቡኩ መልእክት ይመጣል፦ «ስጦታ ጠቅልላችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁበት፣ ልጁ ሳያይ ላኩ።» በዝግጅቱ ቀን ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው ከረጢት ተሸክሞ ይገባና ስም እየጠራ ያድላል። ወላጅም ሳያስበው የምስጢሩ ተባባሪ ሆኖ ያርፈዋል። አያቶቻችን ስለ አያ ጅቦ እንጂ ስለዚህ ሰውዬ ያወረሱን ነገር ስለሌለ፣ ምስጢሩ የሚወጣበትን መንገድ ራሳችን ማበጀት አለብን።

1. ልጁ የሚያምነውን ቀድማችሁ እወቁ

«የገና አባት ማነው? ማን ነገረህ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። «አባት» የሚለው ቃል ራሱ ያምታታል። አንዳንዱ ትንሽ ልጅ የሕፃኑ የኢየሱስ አባት ይመስለዋል፤ ሌላው ነጭ ጢሙን አይቶ ከደብሩ አባቶች ጋር ይደባልቀዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም፤ የተደባለቀውን መለየት ይበቃል። ገና የክርስቶስ ልደት ነው፣ ቀይ ለባሹ የጨዋታው ሰው ነው። ይህን የአራት ዓመት ልጅም ይረዳዋል፣ ደስታውም አይቀንስበትም።

2. ከዕድሜው ይልቅ ጥያቄውን ስሙ

ብዙ ልጆች 7 ወይም 8 ዓመት አካባቢ መጠራጠር ይጀምራሉ። ቁጥሩ ግን ብቻውን አይወስንም። «በአንድ ሌሊት እንዴት ሁሉም ቤት ይደርሳል?» የሚል ልጅ ገና ተረቱ ውስጥ ሆኖ እያሰላ ነው። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» በሉትና ያስላ። የእኛ ልጆች እንዲያውም አንድ ተጨማሪ ፍንጭ አላቸው፦ በቴሌቪዥን የሚያዩት የገና አባት የሚመጣው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25፣ ማለትም ታኅሣሥ 16 ነው፤ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29። «ለእኛ ለምን 13 ቀን ይዘገያል?» ያለ ልጅ ወደ መልሱ ተቃርቧል።

ዐይን ዐይናችሁን እያየ «የገዛችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?» ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ማስረጃውን ይዞ ነው የመጣው። ከጥጡ ጢም ሥር የትምህርት ቤቱን የጥበቃ ጋሼ ድምፅ ሰምቷል፤ ከቀዩ ሱሪ በታች ጋሼ በየጠዋቱ በር ሲከፍቱ የሚያየውን አቧራ የጠጣ ጥቁር ጫማ አይቷል። ወይም በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ስሙን የጻፈችው እጅ ስጦታው ላይም መጻፏን ለይቷል። እዚህ ደርሶ የካዳችሁት ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሰዎች ፊት ለፊት ጠይቄያቸውም ይዋሻሉ። በዚያው ቀን «አዎ» በሉት።

ቶሎ መናገርን የሚጠይቅ አንድ ጉዳይ አለ፤ እኛ ከሁሉ የሚያሳስበን ይኸኛው ነው። «ለእሱ ሳይክል አመጣለት፣ ለእኔ ደብተር። እኔ ምን አጠፋሁ?» ልዩነቱ የወላጅ ኪስ ነው፤ ልጁ ግን ፍርድ አድርጎ ወስዶታል። አምስት ዓመቱም ቢሆን እንዲያድግ አትጠብቁ። «ስጦታ የሚገዛው እያንዳንዱ ቤተሰብ ነው፣ በአቅሙ፤ አንተ ምንም አላጠፋህም» በሉት።

3. ቀኑንና ቦታውን ምረጡ

ልጁ ካልጠየቀና እናንተ መጀመር ካለባችሁ ዋዜማውን ተዉት። ዶሮ እየተገነጠለ፣ ቄጠማ እየተጎዘጎዘ የሚነገር ነገር በዓሉን ያበላሻል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ አለዚያም ክረምቱ ይሻላል። 9 ዓመት ሞልቶት አሁንም የሚያምን ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ እየተሳለቁበት ከሚሰማው፣ ነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ማለትም ከኅዳር 15 በፊት፣ ከእናንተ ይስማው።

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ብቻውን ይሁን፣ በር ይዘጋ። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተነገረ ነገር ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

4. ንግግሩ

አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ማሚዬ፣ የገና አባት እውነት አለ?»
«አንቺ ምን ታስቢያለሽ?»
«ጋሼ ናቸው የለበሱት።»
«ልክ ነሽ የኔ ልጅ። ስጦታውን የገዛነው እኔና አባትሽ ነን። ልጆች እንዲደሰቱ ትልልቆች የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።»

ከዚያ ከፈለገች እውነተኛው ታሪክ አለ። ኒቆላዎስ የሚባል ጳጳስ በ4ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ፣ ሜራ በተባለች ከተማ ነበረ፤ ለድሆች በስውር በመስጠት ይታወሳል። ደቾች «ሲንተርክላስ» አሉት፣ አሜሪካ ሲደርስ «ሳንታ ክላውስ» ሆነ። ቶማስ ናስት የተባለ ሠዓሊ ከ1863 ጀምሮ በመጽሔት ላይ እየሣለ ወፍራምና ጢማም አደረገው። ልጆች ይህን ይወዱታል፤ ባዶ እጃቸውን አይቀሩም።

5. የሚበላሸው የት ነው?

ዕንባ ከመጣ አትሳቁ፣ «ለዚህ ነው እንዴ?» አትበሉ። ከባዱ ግን ዕንባው ሳይሆን ተከታዩ ጥያቄ ነው፦ «ታዲያ ገብርኤልስ?» ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነግሦ በአሥረኛው ቀን ገና ስለሚሆን ሁለቱ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። «እሱ ሌላ ነው» ብሎ መዝለል አያዋጣም። «የገና አባትን ትልልቆቹ ራሳችን አናምንበትም፣ ስናጫውታችሁ ነው። ጸሎቱን ግን እኔም አያትህም እውነት ብለን እንጸልያለን» ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ይገባዋል።

ይህ መልስ የሚሠራው ግን የገና አባትን ማስፈራሪያ ካላደረጋችሁት ነው። «ካልታዘዝክ አያመጣልህም» ሲባል የከረመ ልጅ፣ እውነቱን ሲያውቅ ሌላውንም ትእዛዛችሁን አብሮ ይጥለዋል። አያ ጅቦ እንኳ ይሻል ነበር፤ በከተማዋ ዳርቻ ሌሊት ጅቡ ራሱ ጮኾ ይመሰክርላችኋል።

6. ሥራ ስጡት

ምስጢር ያወቀ ልጅ ለታናሹም ለጎረቤት ልጅም ለመናገር ይቸኩላል። «አትናገር» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ወደ ሰጪዎቹ ወገን አሻግሩት። ለአያቱ አንድ ጥንድ ካልሲ ይምረጥ፣ ይጠቅልል፣ ማን እንዳስቀመጠው ሳይናገር ትራሳቸው ሥር ይክተት። የታናሹ ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ታኅሣሥ ስጦታ ሲጠይቅ ደግሞ ስሙን ወረቀቱ ላይ እሱ ይጻፍ። የእናት የእጅ ጽሑፍ እንደሁ ታውቋል።