ቪንቴጅ ሰዓት ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰዓት መሰብሰብ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልወቅ?" ብሎ ነው፣ መልሱንም በአንድ ምልክት ጨርሰው እንዲነግሩት ይፈልጋል። እንደዛ አይነት ምልክት የለም። መጠየቅ ያለበት "ይሄ ሰዓት የየት ዓመት ነው ተባለ፣ ላዩም ውስጡም ያለው ነገር በሙሉ ከዛ ዓመት ጋር ይሄዳል ወይ?" ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይሄን ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

የመጀመሪያው፣ ሰከንድ ቆጣሪው ቀጭ ቀጭ ካለ ፌክ ነው ብሎ መደምደም። በባትሪ የሚሰራ ሰዓት በየሰከንዱ ስለሚዘል፣ ሜካኒካሉ ደሞ ስለሚንሸራተት ግማሽ እውነት አለው፣ ለዛ ነው ሰው የሚያሳስተው። ሮሌክስ ራሱ በ1977 ኦይስተርኳርትዝ የሚባል በባትሪ የሚሰራ ሰዓት አውጥቷል፣ እሱ በየሰከንዱ ነው የሚዘለው፣ በተቃራኒው የዛሬ ኮፒዎች አውቶማቲክ (ያለ ባትሪ የሚሰራ) ማሽን ስለሚገባላቸው ቆጣሪያቸው ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ደሞ አብዛኛው የ1950ዎቹ ሰዓት በሰከንድ 5 ጊዜ አካባቢ ነው የሚመታው፣ የአሁኖቹ ብዙዎቹ 8 ጊዜ፣ ስለዚህ አሮጌው ትንሽ ሸከር ያለ እርምጃ ቢኖረው ጤነኛ ነው። እንደውም የ1960ዎቹ ነው የተባለ ሮሌክስ በሰከንድ 8 ጊዜ ሲመታ ካያችሁ ያኔ ነው መጠርጠር።

ክብደትም እንደዛው ነው። "ኦሪጅናል ይከብዳል" ይባላል፣ ግን የድሮ ሮሌክስ ሰንሰለት ከታጠፈ ስስ ብረት የተሰራ ውስጡ ባዶ ነገር ነው፣ ቅልል ይላል፣ ይንሿሿልም። በእሱ ብቻ ትክክለኛ ሰዓት መልሰው የሄዱ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ በጨለማ ማብራቱን እንደ ጥሩ ምልክት መቁጠር። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ብዙዎቹ የስዊስ ሰዓቶች ላይ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ነበረው። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ የ1970ዎቹን ሰዓት ብትወስዱ ከመጀመሪያው ጉልበቱ ከአስራ ስድስት አንድ እጅ እንኳን ላይቀረው ይችላል። እና ምን ታደርጋላችሁ፣ አጉሊ መነፅር ይዛችሁ ዳያሉ (ቁጥሮቹ ያሉበት የሰዓቱ ፊት) ግርጌ ላይ፣ ከ6 ቁጥር በታች ጥግ ላይ ታያላችሁ። "ስዊስ" (SWISS) ከሚለው ቃል ግራና ቀኝ ቲ (T) ፊደል ካለ ዳያሉ ትሪቲየም አለኝ እያለ ነው። ከዛ መብራት አጥፉና እዩት። ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ ካደረ ወይ ቀለሙ በኋላ የተቀባ ነው ወይ ዳያሉ ራሱ ኮፒ ነው። የጠቋሚዎቹንና የነጥቦቹን ቀለም ደሞ አስተያዩ፣ ነጥቦቹ ክሬም ሆነው ጠቋሚዎቹ በረዶ የመሰሉ ከሆነ የሆነ ጊዜ ተቀይረዋል ማለት ነው። ክሬም መሆኑ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፣ አስመሳዮቹ ያረጀ እንዲመስል ሆን ብለው ክሬም ቀለም ይቀቡታል።

አዲስ የመሰለውን መምረጥ ሌላው ነው፣ ይሄ ደሞ እኔን በጣም የሚያናድደኝ። የ60 ዓመት ሰዓት ፊቱ እንደ ትናንት ካብረቀረቀ ዳያሉ እንደገና ተቀብቷል ብላችሁ ጀምሩ። በአጉሊ መነፅር ፊደሎቹን እዩ፣ የፋብሪካ ህትመት ጠርዙ የተቆረጠ ነው፣ ድጋሚ የተጻፈው ግን ይወፍራል፣ ጠርዙ ይፈሳል፣ በፊደሎች መሀል ያለው ርቀት ይዛነፋል፣ የደቂቃ መስመሮቹም ከቁጥሮቹ ጋር ልክ አይገጥሙም። የኬዙም (ማሽኑን የያዘው የብረት አካል) ጉዳይ አለ። ማሰሪያው የሚገባባቸው አራቱ ጆሮዎች ላይ ሰያፍ ሆኖ የተቆረጠ ስለታም ጠርዝ የነበራቸው ሞዴሎች አሉ፣ ሶስት አራቴ ፖሊሽ ከተደረጉ ያ ጠርዝ ሟሙቶ ጆሮዎቹ ይቀጥናሉ፣ የሄደ ብረት ደሞ በቀላሉ አይመለስም። ተቧጭሮ ግን ቅርፁን የጠበቀ ሰዓት ከሚያብለጨልጨው ይሻላል፣ በዚህ አልደራደርም።

ወረቀትና ሲሪያል ቁጥር አምኖ መግዛት። ሳጥንም ካርድም ፎርጅድ ይሰራል፣ ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሻጮች ደሞ የሌላ ሰዓት እውነተኛ ወረቀት ያያይዙላችኋል። ግን ከዚህም ይብሳል። በ2021 ጄኔቫ ላይ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን በላይ የስዊስ ፍራንክ በጨረታ ተሸጠ፣ ገዢው ደሞ ማን ሆኖ ተገኘ፣ ኦሜጋ ራሱ ለሙዚየሙ። በ2023 ኩባንያው ሰዓቱ ከተለያዩ፣ አብዛኞቹም እውነተኛ ከሆኑ የኦሜጋ ዕቃዎች የተገጣጠመ መሆኑን ይፋ አደረገ፣ የቀድሞ ሰራተኞቹ እንዳሉበትም ተናገረ። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ፍራንከን ይሉታል። "ዕቃው በሙሉ ኦሪጅናል ነው" ሲሏችሁ እንግዲህ "አንድ ላይ ነው ወይ ከፋብሪካ የወጣው?" በሉ። እንደ ፓቴክ ፊሊፕ ያሉ አንዳንድ የሰዓት ኩባንያዎች የመዝገብ ማስረጃ ይሰጣሉ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ወረቀቱ የሚናገረው መዝገብ ላይ ስላለው እንጂ እጃችሁ ላይ ስላለው ዳያል አይደለም።

ጀርባውን ሳያስከፍቱ መክፈል ደሞ አለ። ሻጩ ሰዓት ሰሪ ፊት አልከፍትም ካለ በቃ ተዉት፣ ምክንያቱን መስማትም አያስፈልግም። እስኪከፈት ግን ራሳችሁ የምትሞክሩት ነገር አለ። ዴትጀስት 1601 የሚባለው የሮሌክስ ሞዴል ቀኑን ለብቻው መቀየር አይቻልም፣ ጠቋሚዎቹን እኩለ ሌሊት እያሳለፋችሁ ነው የምታዞሩት። መሙያውን ግማሽ ስባችሁ ስታዞሩት ቀኑ ጠቅ ጠቅ እያለ ከተቀየረ ውስጡ ያለው ማሽን የእሱ አይደለም፣ ያ ነገር ዴትጀስት ላይ የመጣው በ1977 ነው። በተቃራኒው መሙያውን ስትስቡት ሰከንድ ቆጣሪው አልቆመም ብላችሁ አትደንግጡ፣ የ1960ዎቹ ዴትጀስቶች አይቆሙም።

በመጨረሻ፣ የ1940ዎቹና የ50ዎቹን ሰዓት ቤት ውስጥ በራስ መክፈት። የዛን ጊዜው የሚያበራ ቀለም ብዙ ጊዜ ራዲየም ነው፣ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አልቆመም፣ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 1600 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። አደገኛው የሚረግፈው ብናኝ ስለሆነ አትፋቁት፣ አትንፉበት፣ ጥንቃቄውን ለሚያውቅ ሰዓት ሰሪ ስጡ፣ ስትሰጡም ራዲየም ሊሆን እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት።