የቅኝት ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ለጊታር ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጊታር የሚማር ሰው ክሮቹንና ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን የብረት መከፋፈያዎች) በወረቀት ወይም በስልክ ላይ ሥሎ የቅኝቱን ድምፆች በነጥብ ሲያመለክት ጣቶቹ መንገዳቸውን ቶሎ ይለምዳሉ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ባገኙበት በወሎ የሚማር ሰው ግን ለምዕራባውያን ስኬልና ሞድ (የድምፅ ቅደም ተከተሎች) የተሠራውን ሰንጠረዥ ለራሱ ቅኝት እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ብዙው ስህተት የሚፈጠረውም በዚሁ ማስተካከያ ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት መነሻውን ድምፅ ሳይለዩ ነጥቦቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ መሣል ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ባቲ ማይነር ከላ ሲነሣ ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ድምፆቹ እነዚያው አምስቱ ስለሆኑ በጊታሩ አንገት ላይ የሁለቱ ነጥቦች አንድም ልዩነት የላቸውም። ትዝታ ማይነር ከዶ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በአንድ ፍሬት፣ ዝቅ ያለ ነው) እና አምባሰል ከሶል (ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት) የተያያዙትም በዚሁ መንገድ ነው። ቅኝቱን የሚለየው ዜማው ተመልሶ የሚያርፍበት ድምፅ በመሆኑ፣ መነሻው ያልተለየበት ሰንጠረዥ አምባሰልን እያስጠና መሆኑን ተማሪው ሊያውቅበት የሚችልበት ምልክት የለውም። መነሻውን በቀለም ብቻ መለየትም አይበቃም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና በነጭ ሲባዛ ቀዩም ሰማያዊውም ግራጫ ሆኖ ይወጣልና፣ መነሻውን በአራት ማዕዘን፣ ሌሎቹን በክብ መሣል ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ሰንጠረዡ በሚሣልበት የስልክ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ የሚፈልጉት ቅኝት ሲታጣ የሚቀርበውን ስም መምረጥ ነው። ለአምባሰል ፍሪጂያን የተባለውን ባለ ሰባት ድምፅ የምዕራባውያን ሞድ የሚመርጥ ሰው አምስቱን ድምፆች በሙሉ ያገኛቸዋል፤ ነገር ግን አምባሰል የማያውቃቸው ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፆች አብረው ይገባሉ፣ ጣትም ያየውን ሁሉ መርገጥ ይወዳል። ፕሮግራሙ የራስን ስኬል ማስገባት የሚፈቅድ ከሆነ ሁለቱን ነጥቦች ማጥፋት ነው፤ ካልፈቀደ ደግሞ እርሳስና ማስመሪያ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ።

በእጅ የሚሥሉ ሰዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት ከቀጭኑ ሲቆጠር በሁለተኛው ክር ላይ ነው። በተለመደው አቃኘት ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ሲሆኑ፣ በአጎራባች ክሮች መካከል ያለው ርቀት 5 ግማሽ ድምፅ ነው፤ ከሶል ወደ ሲ ብቻ ግን 4 ነው። ስለዚህ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ የተጠናው ቅርጽ ወደ ሁለተኛውና ወደ አንደኛው ክር ሲሻገር አንድ ፍሬት ወደ ሳጥኑ መገፋት አለበት።

በነጥቦቹ ላይ የድምፅ ስም ብቻ መጻፍም ያስቸግራል። ዘፋኟ ዜማውን ከዶ ወደ ሚ ፍላት ብታነሣው ቅርጹ ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ አይለወጥም፤ ስሞቹ ግን ሁሉም ይለወጣሉ። ከስሙ ይልቅ ከመነሻው የሚቆጠረውን ደረጃ መጻፍ ሰንጠረዡን ለማንኛውም ድምፅ ያገለግል ዘንድ ያስችላል።

አሥራ ሁለቱን ፍሬቶች በአንድ ገጽ በነጥብ መሙላትም አይመከርም፤ ለጀማሪ አራት ወይም አምስት ፍሬት ይበቃዋል። ግራኝ የሆነ ተማሪም ሰንጠረዡን ማገላበጡን አይርሳ።

የመጨረሻው ስህተት ሰንጠረዡን ከጆሮ በላይ ማመን ነው። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፣ ማሲንቆም ፍሬት የለውም፤ ስለዚህ በተለይ በአንቺሆዬ አብሯቸው የሚጫወት ጊታረኛ ድምፃቸው በሁለት ፍሬቶች መካከል ሲያርፍ ይሰማ ይሆናል። እንዲህ ባለው ነጥብ ላይ ትንሽ ቀስት ማድረግ ይጠቅማል፦ ድምፁ ከፍ ካለ ክሩን በጣት ገፋ ማድረግ፣ ዝቅ ካለ ግን ክርን መግፋት ድምፅን ከፍ እንጂ ዝቅ ስለማያደርግ፣ ከበታቹ ያለውን ፍሬት ይዞ ከዚያ መግፋት ነው።